የአንባቢያን ጥያቄ፦ ፑዌርቶ ቫያርታ ላይ ዓሣ ለመብላት

ለዕረፍት ወደ ፑዌርቶ ቫያርታ የሚሄዱ አንባቢዎች ስለ ባሕር ምግብ የላኩልንን ጥያቄዎች በዚህ እትም ሰብስበናል። ከተማዋ የምትገኘው በሜክሲኮ የፓስፊክ ጠረፍ፣ በሃሊስኮ ግዛት፣ በባንዴራስ የባሕር ወሽመጥ ላይ ነው። ሰዓቶቹ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። የስፓኒሽ ስሞቹን እንዳሉ የተውናቸው ሜኑ ላይ ወይም ከአስተናጋጅ አፍ ሲያገኟቸው እንዲለዩአቸው ነው።

ከባለቤቴ ጋር አምስት ቀን እንቆያለን። የአገሬው ሰው የሚበላበት ቦታ መብላት እንፈልጋለን፤ ባሕሩ ዳር ያለው ግን ሁሉም ለቱሪስት የተዘጋጀ ይመስላል። በምን እንለየው?
*ባልና ሚስት፣ ከዳላስ*

ከቦታው በፊት ሰዓቱን ያስተካክሉ። የባሕር ምግብ ብቻ የሚሠራ ቤት ማሪስኬሪያ ይባላል፤ እውነተኛው ማሪስኬሪያ የቀን ቤት ነው። ብዙዎቹ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ገደማ ይከፍቱና ከቀኑ 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ ይዘጋሉ። ምክንያት አለው። ትንንሾቹ የዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች የሚመለሱት ጠዋት ነው፤ በሎሚ የሚዘጋጀው ጥሬ ምግብ የዚያኑ ቀን ማለቅ አለበት፤ የሜክሲኮ ሰው ዋና ማዕድም ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ይውላል። እንደ አሜሪካ ልማድ ምሳን በሳንድዊች አልፈው ዓሣውን ለራት የሚያቆዩ ሰዎች ጥሩዎቹን ቤቶች ተዘግተው ያገኟቸዋል። ማታ የሚሠሩ ጥሩ ወጥ ቤቶች አሉ፤ ማታ ግን የበሰለውን እንጂ ጥሬውን አይዘዙ።

ቤቱን ለመለየት ሜኑውን ይዩ። ሴቪቼ (በሎሚ የተነከረ ጥሬ ዓሣ)፣ አጉዋቺሌ (በሎሚና በቃሪያ የሚቀርብ ጥሬ ሽሪምፕ)፣ የሽሪምፕ ኮክቴል፣ የተጠበሰ ሙሉ ዓሣ፣ ሾርባ፣ ከዚያ በላይ እምብዛም የሌለው አጭር ዝርዝር ጥሩ ምልክት ነው። ፓስታና ሀምበርገር የተቀላቀለበት፣ ባለ ፎቶግራፍ ረጅም ሜኑ ያለውና በር ላይ ሰው ቆሞ «ሎብስተር በቅናሽ» እያለ የሚጠራበት ቤት ዓሣውን ከማቀዝቀዣ እያወጣ ነው የሚኖረው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሜኑ ብቻውን መጥፎ ምልክት አይደለም፤ ከተማዋ የእንግዳ ከተማ ስለሆነች ጥሩዎቹም ያዘጋጃሉ። የፕላስቲክ ወንበር አያስደንግጥዎ። በበረዶ ላይ የተደረደረ ዓሣ ከታየ፣ እሑድ ቀትር ላይ አያት ከልጅ ልጅ ጋር ጠረጴዛ ሞልተው ከተቀመጡ፣ እዚያው ይቀመጡ።

ከባሕሩ ዳር መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ቬርሳዬስ፣ ሲንኮ ዴ ዲሲዬምብሬ እና ፒቲያል የሚባሉትን ሰፈሮች ይሞክሩ። ግማሽ ቀን ካላችሁ በስተሰሜን ናያሪት ግዛት ውስጥ ወዳለችው ላ ክሩስ ዴ ኡዋናካስትሌ ሂዱ፤ ጀልባ ማቆሚያው አጠገብ የዓሣ ገበያ አለ። በስተደቡብ ደግሞ ከቦካ ዴ ቶማትላን በጀልባ ወደ ዬላፓ ይኬዳል፤ አሸዋው ላይ ያሉት ቤቶች ዓሣ ይጠብሳሉ። ሲደርሱ የመጀመሪያ ሥራችሁ የመጨረሻው ጀልባ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ መጠየቅ ይሁን።

ሙሉ ዓሣ አዘዝን፤ ሜኑው ላይ ካየነው ዋጋ እጥፍ የሚጠጋ ሒሳብ መጣ። ተታለልን?
*አንባቢ፣ ከሲያትል*

ምናልባት አልተታለላችሁም። ሙሉ ዓሣ የሚሸጠው በኪሎ ነው፤ ሜኑው ላይ ያለው የአንድ ኪሎ ዋጋ ነበር ማለት ነው። ኪሎው 500 ፔሶ ቢሆንና ዓሣው 1.8 ኪሎ ቢመዝን ሒሳቡ 900 ፔሶ ይሆናል። የሚመዘነውም ጥሬው ከነጭንቅላቱና ከነአጥንቱ ነው፤ ሥጋው ከጠቅላላው ክብደት ግማሽ አይሞላም። ስለዚህ ለአንድ ሰው ግማሽ ኪሎ ያስቡ፤ አንድ ኪሎ ለሁለት፣ ሁለት ኪሎ ለአራት ይበቃል። ከሦስት ኪሎ በላይ የሆነ ዓሣ ለትልቅ ቤተሰብ ካልሆነ አይመከርም፤ ሲጠበስ ዳርዳሩ ሲደርቅ መሐሉ ሳይበስል ይቀራል።

ከማዘዝዎ በፊት ዓሣውን እንዲያሳዩዎ ይጠይቁ፤ ይህ እዚያ የተለመደ ነው፣ ማንም አይቀየምም። ዓይኑ ያበጠና የጠራ፣ ስንጥቡ ሲከፈት ደማቅ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚሞላ፣ ሽታው የባሕር ውኃ ብቻ ይሁን። ዓይኑ ጎድጉዶ ከደፈረሰ ወይም ስንጥቡ ቡናማ ከሆነ ሌላ ይምረጡ። ከዚያ «ኩዋንቶ ፔሳ?» ብለው ክብደቱን፣ «ኩዋንቶ ሴሪያ?» ብለው ጠቅላላ ዋጋውን ይጠይቁና በወረቀት ይጻፉልኝ ይበሉ። ዋጋ በሌለበት «እንደ መጠኑ» ወይም «የገበያ ዋጋ» የሚል ብቻ ከተጻፈ፣ ሳይጠይቁ በፍጹም አይዘዙ።

አሠራሩን በተመለከተ፣ በዚያ ጠረፍ ላይ ሳትቀምሱት እንዳትመለሱ የምንመክረው ፔስካዶ ሳራንዴአዶ ነው። መነሻው ከጎረቤቱ ናያሪት ነው፤ የሜስካልቲታን ደሴት ሰዎች የእኛ ነው ይላሉ። ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ ሆዱ ሳይቆረጥ እንደ መጽሐፍ ይከፈታል። ዘፍዝፈው ካለሰለሱት በኋላ የሚፈጩት ጓሂዮ የተባለ ደረቅ ቀይ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ጨው ይቀባል፤ በርካታ ቤቶች አኩሪ አተር ሶስ፣ ሰናፍጭና ማዮኔዝ ይጨምሩበታል። ከዚያ በሁለት በኩል በሚዘጋ የሽቦ መያዣ ውስጥ ገብቶ በእንጨት ከሰል ላይ ይገላበጣል። ብዙ ጊዜ ቅርፊቱ አይነሳም፤ ቆዳው ከሽቦው ጋር እንዳይጣበቅና ሥጋው እንዳይደርቅ ይከላከላል። አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን ዓሣ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። በአሥር ደቂቃ ከመጣልዎ ቀድሞ የበሰለና የተሞቀ ነው። እሳቱ ከበረታ ማዮኔዙና ሶሱ ቶሎ ይከስላሉ፤ ላዩ ጠቁሮ አጥንቱ አጠገብ ጥሬ ይሆናል። በማቀዝቀዣ ጠጥሮ የቆየ ዓሣ ደግሞ ውኃ ስለሚለቅ ከመጠበስ ይልቅ ይቀቀላል፤ ሥጋው ሳህኑ ላይ ውኃ ካቀረረ ምክንያቱ ይህ ነው። ከጭንቅላቱ ሥር ያለውን ወፍራም ቦታ በሹካ ፈልቀቅ አድርገው ይዩ፤ ሥጋው ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ በቀላሉ ከተላቀቀ በስሏል፣ ካልሆነ ይመልሱት። ትኩስ የበቆሎ ቶርቲያ (ስስ ቂጣ) አብሮ ይመጣል፤ ሥጋውን በእጅ እየቆረሱ በቶርቲያው መጠቅለል ነው፣ እጅ የለመደ ሰው አይቸገርም።

የተዋሕዶ አማኝ ነኝ፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አልበላም። ሜኑው ላይ የትኛው የትኛው ነው? በጾም ወቅትስ ምን ልጠንቀቅ?
*አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ*

ቅርፊት ካላቸው እንጀምር። ኡዋቺናንጎ (ቀዩ ዓሣ)፣ ፓርጎ፣ ሮባሎ፣ ኮርቪና፣ ሊሳ፣ ሲዬራ፣ ዶራዶ እና አቱን የሚባለው ቱና ሁሉም ክንፍና ቅርፊት አላቸው። የሲዬራ፣ የዶራዶና የቱና ቅርፊት በጣም ትንንሽ ስለሆነ ሳህን ላይ ላያዩት ይችላሉ። ሞሀራ ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ቲላፒያ፣ ማለትም የእኛው ቆሮሶ ነው። ከዝርዝርዎ የሚወጡት ካማሮን (ሽሪምፕ)፣ ፑልፖ (ኦክቶፐስ)፣ ሀይባ (ሸርጣን)፣ ላንጎስታ (ሎብስተር)፣ ኦስቲዮን (ኦይስተር)፣ አልሜሃ፣ ካዮ (ሦስቱም ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳት)፣ ካሶን (ትንሽ ሻርክ)፣ ማንታራያ (ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ) እና ባግሬ ናቸው፤ ባግሬ የአምባዛ ወገን ነው። ማርሊን ቅርፊቱ ቆዳው ውስጥ የተቀበረ በመሆኑ ለክርክር የተጋለጠ ነው፤ በጭስ የተዘጋጀ ማርሊን በታኮ (በቶርቲያ የተጠቀለለ ምግብ) ውስጥ በብዛት ስለሚሸጥ ስሙን ልብ ይበሉ።

ትልቁ ችግር ያለው ፊሌቶ (ከአጥንት የተለየ የዓሣ ሥጋ) ላይ ነው። ኦሴያና የተባለው የባሕር ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሜክሲኮ ያወጣው የዘረመል ምርመራ ከተመረመሩት የዓሣ ናሙናዎች 31 በመቶ ያህሉ በስማቸው የተጠራው ዓሣ እንዳልነበሩ አሳይቷል። ከውድ ዓሣ ስም ሥር ተደብቀው ከሚሸጡት አንዱ ባሳ ነው፤ ከእስያ በረዶ ሆኖ የሚመጣ፣ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ቅርፊት የሌለው፣ የአምባዛ ዘመድ። ተፈጭቶ ሴቪቼ ውስጥ ወይም ዱቄት ተለብጦ ታኮ ውስጥ ከገባ በዓይንም በጣዕምም ለመለየት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ለእርስዎ ያለን ምክር አንድ ነው፦ «ኤንቴሮ» ብለው ሙሉውን ዓሣ ከነቆዳው ይዘዙ። ቅርፊቱን ራስዎ ያዩታል። ዱቄት የተለበጠ ከሆነ ደግሞ ሽሪምፕ የተጠበሰበት ዘይት ውስጥ መጠበሱ አይቀርም፤ በከሰል የተጠበሰው ይሻላል።

በጾም ዓሣ መብላትን በተመለከተ ልማዱ ስለሚለያይ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። ዓሣ ቢበሉም ባይበሉም ግን ሜኑው ውስጥ የተደበቀ የፍስክ ነገር ብዙ ነው። ሳራንዴአዶው ላይ ማዮኔዝ አለ፤ ማዮኔዝ እንቁላል ነው። «አል ሞሆ ዴ አሆ» የሚባለው የነጭ ሽንኩርት አሠራር በብዙ ቤት በቅቤ ይሠራል። ሩዙ በዶሮ መረቅ ወይም በዶሮ መረቅ ዱቄት ይበስላል። የተፈጨው ቦሎቄ ብዙ ጊዜ የአሳማ ስብ አለበት፤ ይህኛው ሙስሊም አንባቢዎቻችንንም ይመለከታል። ሁለት ስሞች እንዳይምታቱብዎ፦ ማንቴካ የአሳማ ስብ ሲሆን ማንቴኪያ ቅቤ ነው። «ሲን ማዮኔሳ፣ ሲን ማንቴኪያ፣ ሲን ማንቴካ፣ ሲን ኬሶ» ካሉ ያለ ማዮኔዝ፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ አሳማ ስብ፣ ያለ አይብ ማለት ነው። ለጾም የሚስማማው ቀላል ማዕድ በጨውና በሎሚ ብቻ በከሰል የተጠበሰ ዓሣ፣ የበቆሎ ቶርቲያ፣ አቮካዶ እና የቲማቲም ሳልሳ ነው። የስንዴ ቶርቲያ ስብ ስላለበት የበቆሎውን ይያዙ።

ሎሚው ዓሣውን ያበስለዋል ይሉኛል፤ እውነት ነው? ለልጆቼስ ልስጥ?
*የሁለት ልጆች እናት፣ ከአትላንታ*

አያበስለውም። የሎሚው ኮምጣጣነት የዓሣውን ሥጋ ያጠነክረዋል፣ ነጭ ያደርገዋል፤ መልኩ የበሰለ ይመስላል። ጀርሞችንና ትላትሎችን ግን እንደ እሳት አይገድልም። ክትፎን ጥሬ የሚበላ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ጥሬ መብላት ምርጫ ነው፣ እንደ በሰለ ቆጥሮ መብላት ግን አደጋ ነው።

በቫያርታና በናያሪት የሚወደደው ሴቪቼ ከሲዬራ ይሠራል። ዓሣው በደቃቁ ይፈጫል፣ በሎሚ ጭማቂ ይነከራል፣ ከዚያ ተጨምቆ ከተፈቀፈቀ ካሮት፣ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከቲማቲምና ከድንብላል ቅጠል ጋር ይቀላቀልና ቶስታዳ በሚባለው ደረቅ ቶርቲያ ላይ ይቀርባል። ሎሚው እኛ አገር የምናውቀው ትንሹ ኮምጣጣ ሎሚ ነው። አጉዋቺሌ የሲናሎዋ ምግብ ነው፤ የተሰነጠቀ ጥሬ ሽሪምፕ ላይ ከጨውና ከሴራኖ ቃሪያ ጋር የተፈጨ የሎሚ ጭማቂ ፈስሶ ከኪያርና ከቀይ ሽንኩርት ጋር ወዲያው ይቀርባል። ሽሪምፑ ሎሚው ውስጥ የሚቆየው ደቂቃዎች ብቻ ስለሆነ ከሞላ ጎደል ጥሬ ነው። አጉዋቺሌ ቆይቶ ሽሪምፑ እንደ ጎማ ከጠነከረ አሮጌ ነው፣ አይቀበሉት።

አሁን ብዙ መንገደኛ ወደማያውቀው ጉዳይ እንምጣ። በሲናሎዋና በናያሪት ግናቶስቶማ የሚባል ትል ያመጣው በሽታ የታወቀ ነው። ትሉ የሚገኘው በወንዝ፣ በግድብና የወንዝ ውኃ ከባሕር በሚቀላቀልበት ቦታ በሚኖር ዓሣ ውስጥ ነው። ጥሬውን የበላ ሰው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ቆዳው ሥር ቦታ የሚቀያይር እብጠት ይታይበታል፤ አልፎ አልፎ ዓይንንም ይጎዳል። ስለዚህ ጥሬ ሲያዝዙ ዓሣው ምን እንደሆነ ይጠይቁ። ሲዬራ ወይም ሌላ ከወንዝ አፍ ርቆ ባሕር ውስጥ የሚኖር ዓሣ ከሆነ ጥሩ፤ ቲላፒያ፣ ሊሳ ወይም ባግሬ ከሆነ በጥሬው አይንኩት። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች 7 ቀን የቆየ ዓሣ ትላትሎቹ ይሞታሉ፤ «በረዶ የነበረ ነው» ብሎ የሚነግርዎ ቤት እውነቱን ነግሮዎታልና ያመስግኑት። ቅዝቃዜ ባክቴሪያን እንደማይገድል ግን አይርሱ።

ለትንንሽ ልጆች ጥሬውን አይስጡ። «ካማሮን ኮሲዶ» የተቀቀለ ሽሪምፕ ነው፤ የሽሪምፕ ኮክቴልም ብዙውን ጊዜ ከተቀቀለው ይሠራል። ሾርባው ካልዶ ዴ ፔስካዶ ይባላል። በእንጨት ተሰክቶ በሎስ ሙዌርቶስ ባሕር ዳርቻ የሚሸጠው የተጠበሰ ዓሣም ይወደድላቸዋል፤ ሲጠበስ ዓይተው ትኩሱን ይግዙ እንጂ ፀሐይ ላይ ሲዞር የቆየውን አይደለም።

ነፍሰ ጡር ነኝ። ኦይስተር ብበላስ?
*አንባቢ፣ ከቶሮንቶ*

ጥሬውን አይብሉ። ሞቃት የባሕር ውኃ ውስጥ ቪብሪዮ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ይበዛሉ፤ የጉበት ሕመምና የስኳር በሽታ ላለባቸውም ጥሬ ኦይስተር ሕይወት እስከ መቅጠፍ ይደርሳል። ቀይ ማዕበል የሚባለው የባሕር ዕፅ መብዛት ሲከሰት ደግሞ በኦይስተርና መሰሎቹ ውስጥ የሚጠራቀመው መርዝ በመቀቀልም አይጠፋም፤ የሜክሲኮ የጤና ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ኮፌፕሪስ በዚያን ጊዜ እገዳ ያውጃል። ሜርኩሪ የሚበዛባቸውን ማርሊንና ሻርክንም ይተዉ። ኡዋቺናንጎ፣ ቲላፒያና በደንብ የበሰለ ሽሪምፕ ይሆኑልዎታል።

ሽሪምፕ ለመብላት የትኛው ወር ይሻላል?
*አንባቢ፣ ከዱባይ*

በፓስፊክ ጠረፍ የባሕር ሽሪምፕ ማስገር ከመጋቢት አጋማሽ አካባቢ ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ በመንግሥት ይታገዳል፤ እንስሳው የሚራባበት ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት የሚቀርበው ከበረዶ የወጣ ወይም በሲናሎዋና በሶኖራ ኩሬዎች የረባ ነው። ኩሬው መጥፎ አይደለም፤ ግን «ዛሬ ከባሕር የወጣ» ብለው በሰኔ ውድ ዋጋ ከጠየቁዎ አይክፈሉ። ትኩሱን ከፈለጉ ከጥቅምት እስከ የካቲት ይሂዱ። የካቶሊኮቹ ሰሙነ ሕማማት ሳምንት ከተማዋ በአገሬው እንግዳ ስለምትጥለቀለቅ ለረጋ ምሳ አይመችም።

የቱና ስቴክ በላሁ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፊቴ ቀላ፣ ራሴን አመመኝ፣ ልቤ መታ። ለዓሣ አለርጂ አለብኝ ማለት ነው?
*አንባቢ፣ ከሚኒያፖሊስ*

የግድ አይደለም። ቱና፣ ዶራዶ፣ ማርሊንና ሲዬራ ከተያዙ በኋላ በቶሎ በረዶ ካላገኙ ሥጋቸው ውስጥ ሂስታሚን ይፈጠራል። የገለጹት ምልክት ሁሉ ከዚህ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ያልፋል፣ የአለርጂ መድኃኒትም ይረዳል። መተንፈስ ካስቸገረ ወይም ምላስ ካበጠ ግን ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ክፋቱ ሂስታሚን በመጥበስ አይጠፋም፤ ሽታውም ላይለወጥ ይችላል። አንዳንዴ ዓሣው ምላስን እንደ በርበሬ ይለበልባል፤ ቅመም በሌለበት ዓሣ ላይ ይህን ከቀመሱ መብላቱን ያቁሙ። ሌሎችን ዓሦች ስለመተው ከመወሰንዎ በፊት የአለርጂ ምርመራ ያድርጉ።

ጠረጴዛው ላይ ያሉት ጠርሙሶች ምንድን ናቸው? በረዶውስ ይጠጣል?
*አንባቢ፣ ከሎንዶን*

በብዛት የሚያዩት ሳልሳ ኡዊቾል ነው፤ በናያሪት የሚሠራ፣ ለእኛ ምላስ ለዘብ ያለ የበርበሬ ሶስ። አረንጓዴው ወይም ብርቱካናማው አባኔሮ ግን በርበሬ የለመደውንም ያስለቅሳል፤ በጠብታ ይጀምሩ። በረዶው መሐሉ የተበሳ ክብ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከተጣራ ውኃ ፋብሪካ ውስጥ የተሠራ ነው። ከለስላሳ ይልቅ ሀማይካ (ከርከዴ) ወይም ታማሪንዶ (ሁመር) የሚባሉትን መጠጦች ይዘዙ፤ ለዓሣ ይስማማሉ። ሚቼላዳ ቢራ ያለበት ነው።

ስለ ቲፕና ሒሳብ ብትነግሩን?
*አንባቢ፣ ከዴንቨር*

ሜኑ ላይ የሚያዩት የዶላር ምልክት ፔሶን ያመለክታል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል። የተጻፈው ዋጋ ግብርን ማካተት አለበት፣ ሕጉ ያዛል። ሒሳብ ሳይጠየቅ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ እንግዳን እንደ ማባረር ስለሚቆጠር፣ «ላ ኩዌንታ፣ ፖር ፋቮር» እስኪሉ ድረስ አይመጣም፤ ተረስተናል ብለው አይቆጡ። ቲፕ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፤ በቱሪስት ሰፈር 15 ይሻላል። ሒሳቡ ላይ «ሰርቪሲዮ» ወይም «ፕሮፒና» ተብሎ አስቀድሞ ከተደመረ ድጋሚ አይክፈሉ፤ ቲፕ ግዴታ እንዳልሆነ የሸማቾች መሥሪያ ቤቱ ፕሮፌኮ በተደጋጋሚ አስታውቋል። አሸዋ ላይ ወንበር ይዘው ሲቀመጡ ዝቅተኛ የፍጆታ መጠን እንዳለ አስቀድመው ይጠይቁ። በካርድ ሲከፍሉ ማሽኑ በዶላር ወይም በፔሶ ብሎ ከጠየቀ ፔሶን ይምረጡ፤ በዶላር ሲሉ ምንዛሬውን የሚወስነው የማሽኑ ባለቤት ባንክ ስለሚሆን ዋጋው ይጨምራል። ትንንሾቹ ማሪስኬሪያዎች ካርድ ላይቀበሉ ስለሚችሉ ጥሬ ፔሶ ይያዙ፤ ሲወጡም ለአስተናጋጁ ቲፑን በእጁ ይስጡት።